ከመንጠቆው ውጭ የሚንጠለጠል ሽምብራ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

እዚህ ዶሃ በፈሪጅ አብዱልአዚዝ፣ በነጅማ፣ በዶሃ ጀዲድ፣ በአሮጌው አል ጋኒም ያላችሁ፣ ሳምንቱን ስትለፉ ከርማችሁ ነገ ዓርብ ነው ብላችሁ አረፍ ያላችሁ ሁሉ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዛሬው ዝግጅታችን ስለ መንጠቆ ነው። በትክክል ለመናገር ስለ አንድ ዓይነት የመንጠቆ አሳሰር ነው፤ የዓሣውን ምግብ መንጠቆው ላይ ሳይሰኩ፣ ከመንጠቆው ውጭ በአጭር ክር ስለማንጠልጠል። በእንግሊዝ አገር ሄር ሪግ ይሉታል፤ እኛ ዛሬ የፀጉር አሳሰር እያልን እንነጋገርበታለን። ፀጉር ከየት እንደመጣ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት ሁለት ዓይነት አድማጭ አስቤ ነው። አንደኛው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ዋቂፍን አቋርጦ ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ኮርኒሽ የሚወርድ፣ የሌላ አገር ሰዎች ክር ጥለው ሲጠብቁ አይቶ እጁን የሚበላው ነው። ሁለተኛው ለዓመት ፈቃዱ አገር ቤት ሲገባ ከወንድሞቹ ጋር ቆቃ ወይም ዝዋይ ዳር አንድ ቀን ለመዋል ያሰበ ነው። ትምህርቱ በዋናነት ለሁለተኛው ነው። ለመጀመሪያው ግን ከዚሁ ትምህርት የሚጠቅመውን ክፍል ለይቼ እሰጠዋለሁ፤ ሁሉም ነገር ለባሕር አይሆንምና።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ልመና አለኝ። በሬዲዮ እጄን ልታዩ አትችሉም። ስለዚህ አንድ ትልቅ የበር ቁልፍ፣ አንድ የጫማ ክርና ትንሽ ፕላስተር ፈልጋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ዛሬ ማታ እውነተኛ መንጠቆ እንድትይዙ አልፈልግም፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ሆናችሁ፣ አልጋ ላይ ተቀምጣችሁ የምትሰሙ አላችሁ፤ ፍራሽ ላይ የወደቀ መንጠቆ ደግሞ የሰው ሥጋ ውስጥ ነው የሚገኘው። ቁልፉ ይበቃናል።

እንግዲህ ከዓሣው እንጀምር። የፀጉር አሳሰር የተፈጠረው ካርፕ ለሚባለው ዓሣ ነው። ኳታር ወንዝ የላትም፤ ካርፕም በባሕሯ አይገኝም። በእኛ አገር ግን አለ። የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ ከውጭ ገብቶ የተራባ ነው። ከአዲስ አበባ በታች በአቃቂ ወንዝ ላይ ባለው በአባ ሳሙኤል ግድብ፣ በቆቃ፣ በዝዋይ፣ በደቡብ ወሎም በአርዲቦና በሐይቅ ይገኛል። ሰበታ ያለው የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም በኩሬ የሚረባ ዓሣ ላይ ሲሠራ ካርፕ አንዱ ነው። ስለ አባ ሳሙኤል አንድ ነገር ልበል፦ የአዲስ አበባ ፍሳሽ የሚወርድበት ውሃ ስለሆነ ከዚያ የሚያዝ ዓሣ ለምግብ እንዲውል አልመክርም። መንጠቆ ለመለማመድ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።

ካርፕ እንዴት ይበላል? ሥራው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ አይነክስም። ከንፈሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ከታች ጭቃውን፣ ውሃውን፣ ምግቡን አንድ ላይ ይስባል። የሳበውን አፉ ውስጥ ያጣራል፤ የሚበላውን ወደ ጉሮሮው ይልካል፣ የማይበላውን ይተፋል። እኛ ቆሎ ስንቅም ጠጠር ምላሳችን ላይ ሲያርፍ ሳናስብ እንደምንተፋው ነው። ካርፕ ደግሞ ይህን የሚያደርገው ቀኑን ሙሉ ነው። መንጠቆ የተሰካበት ምግብ አፉ ሲገባ ክብደቱ፣ ጥንካሬው፣ አገባቡ ከሌላው ይለይበታል፤ ወዲያው ይተፋዋል። ዳር የተቀመጠው ሰው ክሩ ትንሽ ሲነቃነቅ ያያል፣ ይስባል፣ ባዶ ነው። ካርፕ የሚያጠምዱ ሰዎች ለብዙ ዘመን ከዚህ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል።

መፍትሔው የመጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መባቻ ላይ፣ በእንግሊዝ አገር ነው። ሌኒ ሚድልተንና ኬቨን ማዶክስ የተባሉ ሁለት የካርፕ አጥማጆች ዓሦችን በመስታወት ገንዳ ውስጥ አድርገው አመጋገባቸውን ይከታተሉ ጀመር። ልቅ ምግብ ሲሰጧቸው ይበላሉ፤ መንጠቆ የተሰካበት ሲሆን ይጠራጠራሉ፣ ይተፋሉ። ሚድልተን ምግቡን ከመንጠቆው ነጥሎ በአንዲት ቀጭን ነገር ሊያንጠለጥለው አሰበ። ያችን ቀጭን ነገር ያገኘው ከፍቅረኛው ፀጉር ነበር። ምግቡ በሰው ፀጉር ከመንጠቆው ጋር ተያይዞ ሲወርድ ዓሦቹ ያለጥርጣሬ ሳቡት። ስሙ ከዚያ ቀረ። ዛሬ ማንም በእውነተኛ ፀጉር አያስርም፤ ያው የመንጠቆው ክር ራሱ ትርፉ ፀጉር ሆኖ ያገለግላል። ይህ ግኝት ሲሰማ ካርፕ ማጥመድ የነበረው መልክ ተለወጠ፤ አሁን በዓለም ዙሪያ ካርፕ የሚያጠምድ ሰው አብዛኛው በዚሁ ነው የሚያስረው።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ምግቡ ከመንጠቆው ጎባጣ በታች ተንጠልጥሏል። ዓሣው ሲስብ ምግቡ ቀድሞ ይገባል፣ መንጠቆው ባዶውን ተከትሎ ይገባል። ዓሣው ሊተፋ ሲል ምግቡ ይወጣል፤ ባዶ የሆነው ሹል ጫፍ ግን ወደ ታች ዞሮ የታችኛውን ከንፈር ይይዛል። ከዚያ ክሩን ወደ ታች የሚያወርደው ከባድ እርሳስ ሥራውን ይጀምራል። ዓሣው ጫፉ ሲወጋው ደንግጦ ሲሸሽ የእርሳሱ ክብደት መንጠቆውን ጠለቅ ያደርገዋል። ስለዚህ በዚህ አሳሰር ሰውየው አይደለም መንጠቆውን የሚያስገባው፤ ዓሣው ራሱ ነው። ዘንጉን በኃይል መንጨት አያስፈልግም፤ ክሩ ሲሮጥ አንስቶ መያዝ ብቻ ነው።

ይህን ከተረዳችሁ የመንጠቆ አመራረጥ ግልጽ ይሆንላችኋል። ሹሉ ጫፍ ባዶውን መቅረት አለበት፤ በቀላሉ መግባት አለበት፤ አፍ ውስጥ መዞር አለበት። የምንመርጠው በእነዚህ በሦስቱ ነው፤ በብራንድ ስምም በዋጋም አይደለም።

የመንጠቆ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ያነሰ ነው፤ 6 ቁጥር ከ4 ያነሰ ነው። 1 ቁጥር ላይ ሲደርስ አቆጣጠሩ ይገለበጥና 1 በ0፣ 2 በ0፣ 3 በ0 እየተባለ እየተለቀ ይሄዳል። በዶሃ ሱቆች የምታዩዋቸው ትልልቆቹ የባሕር መንጠቆዎች ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ለካርፕ የሚሆነው ከ4 እስከ 10 ቁጥር ያለው ነው። ሌላም ችግር አለ፦ የአንዱ ፋብሪካ 6 ከሌላው 6 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን አንብባችሁ ብቻ አትግዙ፤ ምግቡን ይዛችሁ ሂዱና አጠገቡ አድርጋችሁ እዩት። ሻጩ ቢገረምም ይገረም።

ምግቡ የመንጠቆውን መጠን ይወስናል። ሁለት ፍሬ የቆርቆሮ በቆሎ ከሆነ 10 ቁጥር፣ አንድ ወይም ሁለት ሽምብራ ከሆነ 8፣ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የተቀቀለ የሊጥ ድቡልቡል ከሆነ 6፣ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ 4። ትልቅ ምግብ ከትንሽ መንጠቆ ጋር ሲሆን ምግቡ ጫፉን ይሸፍነዋል፣ ከንፈር አይነካም። ትንሽ ምግብ ከትልቅ መንጠቆ ጋር ሲሆን ደግሞ ዓሣው ሲስብ የብረቱ ክብደት ያስታውቃል። ብዙ ጊዜ ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ነው፤ ትልቅ ድቡልቡል አድርጎ መንጠቆውን ውስጡ ይደብቃል። መደበቅ የድሮው አስተሳሰብ ነው። እዚህ መንጠቆው አይደበቅም።

ስለ ቅርጹ። ከላይ ክር የሚገባበት ዓይኑ አለ፤ ከዓይኑ በታች ቀጥ ያለው ግንዱ፤ ከዚያ ጎባጣው፤ መጨረሻ ሹሉ ጫፍ። በግንዱና በጫፉ መካከል ያለው ክፍተት የመንጠቆው አፍ ነው። ለፀጉር አሳሰር ሰፊ አፍ ያለው፣ ግንዱ አጠር ያለ መንጠቆ ለጀማሪ ይስማማል። ግንዱ ረጅም የሆነ ወይም ጠመዝማዛ የሆነም ይሠራል፤ እንዲያውም አፍ ውስጥ ቶሎ ይዞራል፤ ግን አሳሰሩ ላይ ትንሽ ስሕተት ሲኖር ይቅር አይልም። ዓይኑን ልብ በሉት። አንዳንዱ መንጠቆ ዓይኑ ወደ ጫፉ ወገን ትንሽ ያዘነበለ ነው፤ አንዳንዱ ቀጥ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው። ክራችሁ ለስላሳ የተፈተለ ክር ከሆነ ወደ ውስጥ ያዘነበለውን ወይም ቀጥ ያለውን ምረጡ። ክራችሁ ፍሎሮካርቦን የሚባለው ግትር ክር ከሆነ ወደ ውጭ ያዘነበለው ይሻላል፤ ግትር ክር ወደ ውስጥ ባዘነበለ ዓይን ሲያልፍ ይታጠፍና ማዕዘን ይሠራል።

ሽቦው ወፍራም ሲሆን አይቃናም፤ ግን ለመግባት ጉልበት ይፈልጋል። ቀጭን ሲሆን ቶሎ ይገባል፤ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ሊቃና ይችላል። መካከለኛውን ውሰዱ። ከጫፉ ኋላ ያለችውን የኋልዮሽ እሾህ ደግሞ በፒንሳ ጫን ብላችሁ አስተኟት። ዓሣው በቀላሉ ይፈታል፤ እጃችሁ ላይም ቢሰካ ሳትሰቃዩ ታወጡታላችሁ። ክሩን ካላላላችሁ ዓሣው አያመልጥም።

ስለት! በዚህ ላይ ቸል አትበሉ። ዓሣው ራሱን የሚያጠምድበት አሳሰር ስለሆነ ጫፉ በነካው ቅጽበት መያዝ አለበት፤ ሰው ጨምሮ አያስገባለትም። ፈተናው ቀላል ነው፤ የመንጠቆውን ጫፍ የአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ሳትጫኑ አስቀምጡና በቀስታ ጎተት አድርጉት። ከተንሸራተተ ደንዝዟል፤ ከያዘ ስለታም ነው። አዲስ ከፓኬት የወጣውንም ፈትኑ። ድንጋይ ከነካ፣ አንድ ዓሣ ከያዘ፣ እንደገና ፈትኑ። ደንዝዞ ካገኛችሁት ጣሉት፤ የአንድ መንጠቆ ዋጋ የአንድ ቀን ልፋት አያህልም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሽምብራው እንሂድ፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሽምብራ ለካርፕ ጥሩ ምግብ ነው፤ በዶሃም በአገር ቤትም ርካሽ ነው። ነገር ግን ደረቁን እንዳትጠቀሙ። ደረቅ ጥራጥሬ ዓሣው ሆድ ውስጥ ገብቶ ያብጣል፤ ሊገድለው ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ፣ ቢቻል 24 ሰዓት በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅሉት። በጣት ሲጫኑት ለስለስ የሚል፣ ግን የማይፈርስ መሆን አለበት። ከፈረሰ ፀጉሩ ላይ አይቆይም፤ ስትወረውሩት ይበተናል። የቀቀላችሁበትን ውሃ አትድፉት፤ ሽምብራው እዚያው ውስጥ ቀዝቅዞ ይደር።

የሊጥ ድቡልቡል ለሚሻም አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሰሚድና የአኩሪ አተር ዱቄት እኩል ለእኩል ቀላቅሎ በእንቁላል ብቻ፣ ያለ ውሃ፣ ጠንከር አድርጎ ማቡካት። አድቦልቡሎ በፈላ ውሃ ሁለት ደቂቃ ያህል መቀቀል፤ ከዚያ አውጥቶ አንድ ቀን ማድረቅ። መቀቀሉ ውጫዊውን ቆዳ ያጠነክረዋል፤ ትንንሽ ዓሦች ሊቆራርሱት አይችሉም፣ ትልቁ ካርፕ እስኪመጣ ይቆያል።

አሁን ቁልፉን አንሱ። ቁልፉ መንጠቆ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ቀዳዳ የመንጠቆው ዓይን ነው፤ የጫማው ክር የመንጠቆው ክር ነው። ከቁልፉ ሁለት ገጾች በአንዱ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ፕላስተር ያለበት ገጽ ፊት ነው፤ በእውነተኛው መንጠቆ ሹሉ ጫፍ የሚያይበት ወገን ማለት ነው። ሌላው ገጽ ጀርባ ነው። ይህን ፊትና ጀርባ አትርሱ።

የክሩን አንድ ጫፍ እጠፉና ትንሽ ቀለበት ቋጥሩበት። ቀለበት ያለው ይህ ወገን ፀጉሩ ነው። ሽምብራው የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነው። እውነተኛውን ስትሠሩ ሽምብራውን አስቀድማችሁ ታገቡታላችሁ፦ ጫፏ የተቆለመመ ቀጭን መርፌ፣ ትንሿ ኪሮሽም ትሆናለች፣ በሽምብራው መካከል ታሳልፋላችሁ፤ በመርፌዋ ጫፍ የክሩን ቀለበት ትይዛላችሁ፤ ሽምብራውን ወደ ክሩ ታንሸራትታላችሁ። ከዚያ ቀለበቱ ውስጥ ትንሽ የሣር ቁራጭ ወይም የፕላስቲክ ማገጃ ታስገባላችሁ፤ ሽምብራው ተንሸራትቶ እንዳይወድቅ።

አሁን ቀለበት የሌለውን ረጅሙን ጫፍ ያዙ። በቁልፉ ቀዳዳ ከጀርባ ወደ ፊት አሳልፉት። ሳቡት፤ ፀጉሩ በቁልፉ ጀርባ ላይ፣ በግንዱ ርዝመት ተዘርግቶ እስኪተኛና ቀለበቱ ከቁልፉ መጨረሻ ትንሽ አልፎ እስኪንጠለጠል ድረስ። እዚህ ላይ ቁሙ። ፀጉሩ ምን ያህል እንደሚንጠለጠል የምትወስኑት አሁን ነው፤ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። ግንዱንና ፀጉሩን አንድ ላይ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።

በሌላው እጃችሁ ረጅሙን ክር ከቀዳዳው ሥር ጀምራችሁ ወደ ታች ጠቅልሉት፤ ግንዱንም ፀጉሩንም አንድ ላይ እያጠቃለለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... እስከ 7 ወይም 8 ዙር። እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ጎን ይረፍ፤ አንዱ በሌላው ላይ አይውጣ። በእውነተኛው መንጠቆ የመጨረሻው ዙር ከሹሉ ጫፍ ትይዩ ሲደርስ ይበቃል። ከዚያ ያንኑ ረጅም ጫፍ ወደ ላይ መልሱትና እንደገና በቀዳዳው አሳልፉት፤ አሁንም ከጀርባ ወደ ፊት። ሳትለቁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጠበቀ? ጨረሳችሁ። አንድም የተቋጠረ ነገር ሳይኖር በጥቅልሉ ብቻ የሚይዝ አሳሰር ነው፤ በእንግሊዝኛም ቋጠሮ አልባው ቋጠሮ ብለውታል።

ያልተሳካላችሁ ካላችሁ አትቸኩሉ፤ ፍቱትና እንደገና ሞክሩት። ጠቅላላው ነገር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻዋ እርምጃ ነው። ረጅሙ ጫፍ በመጨረሻ ከፊት ወደ ጀርባ ካለፈ ክሩ ከመንጠቆው የሚወጣው በተሳሳተው ወገን ይሆናል፤ ሲወጠር መንጠቆውን ከከንፈሩ ያርቀዋል። ከጀርባ ወደ ፊት ካለፈ ግን ክሩ ሲወጠር ጫፉን ወደ ታች ያዘነብለዋል፣ ከንፈሩን ይፈልገዋል። አሳሰሩ ያማረ ሆኖ ዓሣ የማይዝለት ሰው ካለ መጀመሪያ ይህንን ይይ።

እውነተኛውን ክር ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ክር ሲጠብቅ በራሱ ላይ ተፋትጎ ይግላል፣ ይዳከማል። የመንጠቆውን ዓይን ደግሞ በብርሃን አሻቅባችሁ እዩት፤ ሽቦው ተጠምዝዞ የተገናኘበት ቦታ ትንሽ ክፍተት ወይም ስለት ካለው ክራችሁን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። እንዲህ ያለውን መንጠቆ ለይታችሁ አስወግዱ።

የፀጉሩ ርዝመት ላይ አጥማጆች ብዙ ይከራከራሉ፤ እኔ የምመክረው ይህን ነው። መንጠቆውን ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስታንጠለጥሉት የሽምብራው አናት ከጎባጣው ሥር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይታይ። ከጎባጣው ጋር ከተጣበቀ መንጠቆው ነፃነት የለውም፤ መንጠቆው ላይ ከተሰካ ምግብ ጋር ያለው ልዩነት ይጠፋል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ዓሣው ሽምብራውን ስቦ ሲያጣጥም መንጠቆው ገና ከአፉ ውጭ ነው። ክሩ ብዙ ጊዜ እየተነቃነቀ ዓሣ ካልተያዘ እንደገና አስራችሁ ፀጉሩን በትንሹ አስረዝሙት ወይም አሳጥሩት፤ ቦታ ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። የመንጠቆው ክር ጠቅላላ ርዝመት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ለጀማሪ ይመቻል።

ከማጥመዳችሁ በፊት ፈተና አለ። ያሰራችሁትን መንጠቆ መዳፋችሁ ላይ አስተኙትና ክሩን በጣም በቀስታ ወደ ጣቶቻችሁ ጎትቱት። መንጠቆው ራሱን ገልብጦ ጫፉ ወደ ቆዳው መዞር አለበት። ሲዞር ወዲያው አቁሙ። እየተንሸራተተ በጎኑ ከመጣ አሳሰሩ አልሠራም። ልጆች ባሉበት ይህን አታድርጉ።

እርሳሱ ከ60 እስከ 90 ግራም ቢሆን ይበቃል። ግን በአንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ክሩ ሲበጠስ እርሳሱ ከዓሣው ተለይቶ እንዲወድቅ አድርጋችሁ እሰሩት። እርሳሱ ክሩ ላይ ተቆልፎ ከቀረ ያመለጠው ዓሣ እየጎተተ ይኖርና ሣር ውስጥ ተጠላልፎ ይሞታል። ለዚህ የተሠራ የሚለቅ የፕላስቲክ መያዣ በሱቅ ይሸጣል፤ ካጣችሁ እርሳሱን ከዋናው ክር በሚደክም ቀጭን ክር አንጠልጥሉት።

አሁን የዶሃው አድማጭ ተራ ነው። ኮርኒሽ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ማጥመድ የተከለከለባቸው ቦታዎች ስላሉ ምልክቱን አይታችሁ፣ ካላወቃችሁ ጠይቃችሁ ነው የምትቀመጡት። እዚያ የፀጉር አሳሰር አትጠቀሙ ነው የምለው። የባሕረ ሰላጤው ዓሦች አበላላቸው ሌላ ነው። ሸዕሪ በጠንካራ ጥርሱ ይሰብራል፤ ሃሙር አፉን ከፍቶ ሙሉውን ይውጣል። ምግቡን ከመንጠቆ ውጭ ብታንጠለጥሉት ትንንሾቹ ቆርጠው ይወስዱታል፣ መንጠቆው ባዶውን ይቀራል። ሽሪምፑን ወይም የዓሣውን ቁራጭ መንጠቆው ላይ ስኩት። ጥቅልሉ ግን ያው ነው፤ ፀጉሩን ትታችሁ፣ ቀለበቱን ሳትቋጥሩ፣ በወፍራም ናይሎን 6 ዙር ያህል ጠቅልላችሁ በዓይኑ መልሱት። ለባሕር ከሚታሰሩት ጠንካሮች አንዱ ነው።

ጨውንም አስቡ። የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲኖረው የዚህ ባሕረ ሰላጤ 40 ግራም ያህል ይደርሳል። ጨው ለሌለው ውሃ የተሠራ የካርፕ መንጠቆ እዚህ ካጠመዳችሁበት ቶሎ ይዝጋል። ከባሕር ስትመለሱ በቧንቧ ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከአዲሶቹ ጋር በአንድ ሳጥን አታስቀምጡት። ሳፊ የሚባለውን ዓሣ ከያዛችሁ ደግሞ በባዶ እጅ አትጨብጡት፤ የክንፉ እሾሆች መርዝ አላቸው። ከወጋችሁ ቁስሉን መቻል በምትችሉት ሙቅ ውሃ ንከሩትና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በሙቀቱ ወራት ቀን ቀን አትውጡ፤ መንግሥት ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል የውጭ ሥራ የከለከለው ሙቀቱ ስለሚገድል ነው፤ ለመዝናናት የወጣ ሰውም ሰው ነው።

ከጣና አካባቢ የሆናችሁ ደግሞ ትጠይቁኛላችሁ፦ የኛ ነጭ ዓሣስ? ጣና ውስጥ ያሉት ትልልቆቹ ቢልጫዎች ከካርፕ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። 15 ያህሉ ዝርያ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኝም። ስምንቱ ሌላ ዓሣ በሊታ ስለሆኑ በሽምብራ አይያዙም፤ ከታች እየሳቡ የሚበሉት ላይ ግን የፀጉር አሳሰር ሊሠራ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ይሁንና እነዚህ ዓሦች በክረምትና በመጸው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ እየተጣለ ቁጥራቸው በጣም ቀንሷል። በእነዚያ ወራት በወንዝ አፍ ላይ መንጠቆም ቢሆን አትጣሉ። አንድ ነፍሰ ጡር ዓሣ መያዝ ሺህ ዕንቁላል መያዝ ነው።

ካርፕን በተመለከተ ተቃራኒውን እላለሁ። ከውጭ የገባ ዓሣ ነው፤ ታች እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ሥራ ሥሩን ይነቅላል። በሕግ በተፈቀደበት ቦታ ይዛችሁ ብትበሉት ለሐይቁ ጉዳት የለውም። ሥጋው ውስጥ ቀጫጭን እሾህ ስለሚበዛ በደንብ ከትፋችሁ ሥሩት፤ በጾም ወራት ዓሣ ሲወደድ ለቤተሰብ ይጠቅማል። በምንም ምክንያት ግን በሕይወት ያለ ካርፕ በባልዲ አድርጋችሁ ወደ ሌላ ሐይቅ ወይም ኩሬ አትውሰዱ። ጣና እንዲህ ባለ ቸርነት ካርፕ እንዲገባበት አልፈልግም፤ ከገባ በኋላ ማውጣት አይቻልም። አገራችን ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አላት፤ ወደ ውሃ ከመውረዳችሁ በፊት የየክልሉን ግብርና ቢሮ ጠይቁ።

የተቆረጠ ክርም ሆነ የደነዘዘ መንጠቆ ዳር ላይ አትጣሉ፤ ክሩን በትንንሹ ቆራርጣችሁ፣ መንጠቆውን ክዳን ባለው ጠርሙስ አድርጋችሁ ወደ ቤት መልሱት። በሚቀጥለው ሐሙስ ከታች ሳይተኛ ከጭቃው በላይ የሚንሳፈፍ ምግብ እንዴት እንደሚታሰር እንማራለን። እስከዚያ ጥቅልሉን በቁልፉ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መሥራት እስክትችሉ ተለማመዱ፤ ለሚቀጥለው ዝግጅትም ቁልፉን፣ ክሩንና ትንሽ የቡሽ ቁራጭ ይዛችሁ ጠብቁን። ደህና እደሩ።